ከመናፈሻው ሣር ወይስ ከወናው ቤት ደጃፍ?

ከዋሽንግተን መሀል ተነስቶ በጆርጂያ ጎዳና ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚወጣ ሰው የሀበሻ ምግብ ቤቶችንና ሱቆችን እያለፈ ብራይትዉድ ይደርሳል። እዚያ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሣር የለበሰ የአፈር ግንብ አለ። ፎርት ስቲቨንስ ይባላል። ልጆች ይሯሯጡበታል፤ ውሻቸውን ይዘው የወጡ ሰዎች ያልፉበታል። ለማያውቀው የሰፈር መናፈሻ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 እና 12 ቀን 1864 ግን በዚህ ግንብ ዙሪያ የእርስ በርስ ጦርነቱ ጥይት ሲዘንብ ውሏል፤ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንም ግንቡ ላይ ቆመው ተኩስ ውስጥ ገብተው ነበር። መሬቱ ከጦርነቱ በፊት ኤልዛቤት ቶማስ የተባሉ ነፃ ጥቁር አሜሪካዊት ርስት ነበር። ምሽጉ ሲሠራ ቤታቸው ፈርሶባቸዋል።

በዲቴክተር የጠፋና የተቀበረ ብረት መፈለግ ከጀመርኩ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። ማሽኑን ይዤ ወደ ሕዝብ መናፈሻ ልሂድ ወይስ ሰው ጥሎት ወደሄደ አሮጌ ስፍራ? ጥያቄው በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይህ ግንብ ነው። መናፈሻም ነው፤ ጥንታዊ ስፍራም ነው፤ ዲቴክተር ይዞ መግባት እንኳ የተከለከለበትም ነው። ሦስቱ በአንድ ቦታ መገናኘታቸው ጥያቄው ሁለት መንገድ ብቻ እንደሌለው ያሳየናል።

በዚህ ዳሰሳ የሁለቱንም ወገን ክርክር፣ ሕጉን፣ የማሽኑንና የአፈሩን ጠባይ፣ በመጨረሻም የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎችን ድምፅ በየተራ እናያለን። የአገራችን አዋጅ ካልሆነ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማሽኑ የሚሰማውና የማይሰማው

ዲቴክተር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሆቴል በር ላይ የምንፈተሽበትን ዘንግ ወይም ወርቅ ፈላጊዎች የሚይዙትን ማሽን ነው። መሠረታቸው አንድ ነው። በዘንጉ ጫፍ ባለው ክብ ራስ ውስጥ ጥቅል ሽቦዎች አሉ። አንዱ መግነጢሳዊ መስክ ወደ አፈር ይልካል። መስኩ ብረታ ብረት ሲነካ በዚያ ዕቃ ውስጥ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ፍሰቶች ይነሳሉ፤ ሌላው ጥቅል የእነሱን መልስ ይቀበላል። ማሽኑ መልሱን ወደ ድምፅና ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ለፎይል ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጣል፤ ለመዳብና ለብር ሳንቲም ከፍተኛ። ችግሩ ያለው መሀል ላይ ነው። የአሜሪካው አምስት ሳንቲም፣ የወርቅ ቀለበትና የቢራ ጣሳ መክፈቻ ቀለበት ቁጥራቸው ይቀራረባል። ስለዚህ የወርቅ ቀለበት የሚሻ ሰው የጣሳ ቀለበቱንም ሁሉ መቆፈር አለበት።

ይህ ድካም ከማሽኑ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1881 ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ዋሽንግተን ውስጥ በባቡር ጣቢያ በጥይት ሲመቱ፣ የስልኩ ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱ የተደበቀበትን ቦታ በድምፅ የሚጠቁም መሣሪያ ይዞ ወደ አልጋቸው ቀረበ። አልተሳካለትም። የአልጋው የብረት ሽቦዎች ድምፁን አበላሹበት፤ ዋናው ሐኪምም በሰውነታቸው በአንዱ ጎን ብቻ እንዲፈልግ ፈቀደለት፤ ጥይቱ ግን በሌላው በኩል ነበር። ፕሬዚዳንቱ በመስከረም አረፉ። ዛሬ በመስክ የምንሠራ ሰዎች የሚገጥመን ይኸው ነው። ማሽኑ ብረት መኖሩን ይናገራል እንጂ የምን ብረት እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ አይናገርም። የት መፈለግ እንዳለብህ ካልተፈቀደልህ ወይም ካላወቅህ ደግሞ ጥሩ ማሽንም አያድንህም።

በዚያው በ1881 ቻርልስ ዳርዊን ስለ ምድር ትል ሥራ መጽሐፍ አሳተመ። ትሎች ከታች አፈር እያወጡ ከላይ ስለሚከምሩ መሬት ላይ የቀረ ነገር በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እንደሚሰምጥ አሳየ። ያልታረሰ ሣር ሥር ጥልቀት ማለት ጊዜ ማለት የሆነው በዚህ ነው። አንድ መደበኛ ዲቴክተር ሳንቲም የሚያህል ነገር የሚሰማው ብዙውን ጊዜ እስከ 20 ወይም 25 ሳንቲ ሜትር ድረስ ነው። ብረት የበዛበት የቨርጂንያ ቀይ አፈር ደግሞ ይህንንም ይቀንሰዋል። ምርጫችን ከዚህ ይነሳል፤ በዚያች ስንዝር ጥልቀት ውስጥ መናፈሻው ምን ይዟል? ወናው ስፍራስ?

የመናፈሻው ወገን

መናፈሻን የሚመርጡ ሰዎች መከራከሪያቸው ጠንካራ ነው። የመጀመሪያው ነጥባቸው ሰው በብዛት የዋለበት ቦታ ብዙ ዕቃ ይወድቅበታል የሚለው ነው። ሰው ሣር ላይ ይቀመጣል፣ ኪሱ ይዘነበላል፣ ልጁ ሲጫወት ሐብሉ ይበጠሳል። ሽርሽር በሚደረግባቸው ትላልቅ ዛፎች ሥር፣ በእግር ኳስ ሜዳ ዳር፣ በኮረብታ ላይ ልጆች በበረዶ በሚንሸራተቱበት ቁልቁለት ግርጌ ያለው አፈር ባዶ ሆኖ አይገኝም።

ሁለተኛው ነጥብ መናፈሻ ትምህርት ቤት መሆኑ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሃምሳ ጊዜ የቆፈረ ሰው ጆሮው ይሠለጥናል። የቆርኪን ጭረት ያለበት ድምፅ ከሳንቲም ጥርት ያለ ድምፅ ይለያል። ቆሻሻውም ራሱ ዓመት ይናገራል። ከጣሳው ተነቅሎ የሚጣለው የመክፈቻ ቀለበት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወጥቶ በ1970ዎቹ ማብቂያ አካባቢ ከገበያ የጠፋ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው መክፈቻ ከጣሳው አይለይም። ስለዚህ አንዲት የጣሳ ቀለበት ያገኘ ሰው ያ ሣር በየትኛው ዘመን ሰው እንደተቀመጠበት አወቀ ማለት ነው። ሳንቲሙም እንደዚሁ ነው። የአሜሪካ አሥርና ሃያ አምስት ሳንቲሞች እስከ 1964 ድረስ 90 በመቶ ብር ነበሩ፤ ከ1965 ጀምሮ ግን ብሩ ወጥቶ መዳብና ኒኬል ተተካ። ከ1982 ወዲህ የተመታው አንድ ሳንቲም ደግሞ ከ97 በመቶ በላይ ዚንክ ስለሆነ አፈር ውስጥ ተበልቶ ይወጣል። በአንድ መናፈሻ ብር የሆነ ሳንቲም ከወጣ ፈላጊው ወደ ስድሳ ዓመት ገደማ የቆየ ሣር ላይ እንደቆመ ሊገምት ይችላል።

ሦስተኛውን ነጥብ እኔ ከሁሉ በላይ እወደዋለሁ። በመናፈሻ የጠፋ ዕቃ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ በሕይወት አለ። የጋብቻ ቀለበት ሣር ላይ የጠፋባቸው ሰዎች ዲቴክተር ያለው ሰው ሲጠሩ ሰውየው የሚፈልገው ጥቅም ሳይሆን የአንድን ትዳር ምልክት ነው። ቀለበቱን ከአፈር አውጥቶ በባለቤቷ መዳፍ ላይ ማስቀመጥ ከየትኛውም የብር ሳንቲም ይበልጣል።

መናፈሻ ደካማ ጎንም አለው። በአስፋልት ዳር ያለው ሣር ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ በተጫነ አፈር የተሞላ ነው። ሜዳው ሲስተካከል የድሮው ወለል ተዛውሮ ወይም ተቀብሮ ይቀራል። የኤሌክትሪክ መስመርና የውኃ ማጠጫ ቧንቧ በሥሩ ያልፋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን አቆፋፈሩ ነው። ጥንቁቅ ሰው ሣሩን በሦስት ጎን ይቆርጥና በአራተኛው በኩል ከሥሩ ሳይለይ እንደ መጽሐፍ ልባስ ይገልጠዋል፤ አፈሩን በጨርቅ ላይ ያስቀምጣል፤ ዕቃውን ካወጣ በኋላ አፈሩን መልሶ ሣሩን ይከድነውና በእግሩ ይረግጠዋል። ይህን ያልተማረ ሰው ሜዳውን በቡናማ ጉድጓዶች ያቆሽሻል፤ በማግስቱ ልጅ እግሩን ያዞርበታል። ብዙ የከተማና የካውንቲ አስተዳደሮች መናፈሻቸውን ለዲቴክተር የዘጉት በዚህ የተነሳ ነው።

የወናው ስፍራ ወገን

ሌላው ወገን መናፈሻ ለሳንቲም ነው፣ ታሪክ ግን የሚገኘው ሰው ጥሎት በሄደ ቦታ ላይ ነው ይላል። እዚህም እውነት አለ። ሰው ሃምሳ ዓመት የኖረበት ግቢ በአንድ እሑድ ሰው ካረፈበት ሣር ጋር አይወዳደርም። በግቢ ሰው ይሰፋል፣ ያርሳል፣ ፈረስ ይጭናል፣ ልጅ ያሳድጋል፤ ለእያንዳንዱ ሥራም አንድ የወደቀ ነገር ይቀራል።

እንዲህ ያለ ቦታ ማግኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከ1867 ጀምሮ ለእሳት መድን ተብለው የተሠሩት የሳንቦርን ካርታዎች የከተሞችን ቤቶች አንድ በአንድ ያሳያሉ። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም የድሮ ካርታዎች ደግሞ በገጠር እያንዳንዷን ቤት በትንሽ ጥቁር ነጥብ ምልክት ያደርጋሉ። ነጥቧ በድሮው ካርታ ላይ ኖራ በአዲሱ ከጠፋች በዚያ ወና አለ ማለት ነው። ቦታው ላይ ሲደርሱ የጭስ ማውጫ ድንጋይ ክምር፣ የምድር ቤት ጎድጓዳ፣ የተደፈነ ጉድጓድ ይታያል። በመጋቢት ወር ደግሞ ቤት በሌለበት ጫካ መሀል ቢጫ የዳፎዲል አበባ ተሰልፎ ይፈካል። ማንም ውኃ አያጠጣውም፤ አንዲት እናት ከመቶ ዓመት በፊት በደጃፏ የተከለችው ነው። በአገራችን ጌሾና ቁልቋል የቀረበት ወና ግቢ ድሮ ሰው እንደኖረበት እንደሚነግረን ማለት ነው። ሚስማሩም ይመሰክራል። በአንጥረኛ እጅ የተቀጠቀጠ ከሆነ ወደ 1800ዎቹ መግቢያ ወይም ከዚያ በፊት ይወስደናል፤ በማሽን የተቆረጠ ጠፍጣፋ ከሆነ የ19ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ክብ የሽቦ ሚስማር ከሆነ ከ1890ዎቹ ወዲህ ነው።

እንዲህ ባለ ግቢ አንድ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። በቨርጂንያ ከኩልፔፐር ብዙም በማይርቅ እርሻ ላይ፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ባለመሬት የአያታቸው ቤት በነበረበት ቦታ እንድፈልግ ፈቀዱልኝ። ቤቱ ከተቃጠለ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የቀረው የጭስ ማውጫው ድንጋይ ነው። በሁለተኛው ቀን ማሽኑ መካከለኛ፣ ግን የማይወላውል ድምፅ ሰጠኝ። አንድ ስንዝር ያህል ወርጄ አፈሩን በጣቴ ሳራግፈው አረንጓዴ ዝገት የለበሰች፣ እንደ ማበጠሪያ ተራ ተራ ቀዳዳ ያላት ቀጭን የነሐስ ሰሌዳ ብቅ አለች። የሃርሞኒካ ምላሶች የሚሰኩባት ሰሌዳ ናት። ከማንሳቴ በፊት ከጭስ ማውጫው ድንጋይ በስተምሥራቅ አሥራ አንድ እርምጃ ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍኩ። ለባለመሬቷ ሳሳያቸው ዕቃዋን ብዙም አላዩአትም። ጠየቁኝ፤ «የት ጋ ነበረች?» ቦታውን ወስጄ አሳየኋቸው። አያታቸው ማታ ማታ በረንዳ ላይ ሃርሞኒካ ይጫወቱ እንደነበር ከእናታቸው ሰምተዋል፤ በረንዳው በየት በኩል እንደነበር ግን የሚያውቅ ሰው አልቀረም ነበር። እዚያው ሣሩ ላይ ቆመው ወደ ምሥራቅ ኮረብታው ረጅም ጊዜ አዩ። ሰሌዳዋን ለእሳቸው ትቼላቸው ሄድኩ።

ይህን የመሰለ ነገር በመናፈሻ አይገኝም። ወናው ስፍራ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የበሰበሰ ሳንቃ የሸፈነው ጉድጓድ ሰው ይውጣል። ጫካው ውስጥ «ላይም» የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር አለ። መዥገሯ በሽታውን ለማስተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቃ መቆየት ስላለባት ማታ ማታ ሰውነትን ሁሉ መፈተሽ ግድ ነው። በአደን ወቅት ብርቱካናማ ልብስ ሳይለብሱ መግባት ለሞት መጋለጥ ነው። የጦርነት ዕቃ በሚገኝባቸው አካባቢዎች ደግሞ ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት አለ። በ2008 በቨርጂንያ አንድ ልምድ ያለው ሰብሳቢ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የመድፍ ጥይት ሲያጸዳ ፈንድቶበት በቤቱ ግቢ ሞቷል። ጥይቱ ከ140 ዓመት በኋላም ባሩዱ አልሞተም ነበር።

ሕጉ የሚያሰምረው መስመር

አዲስ ገቢዎች ብዙ ጊዜ የሕዝብ መናፈሻ የሕዝብ ስለሆነ የተፈቀደ፣ ማንም የሌለበት ጫካ ደግሞ የማንም ስላልሆነ የተፈቀደ ይመስላቸዋል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። በአሜሪካ ሰው የማይደርስበት መሬት አለ እንጂ ባለቤት የሌለው መሬት የለም።

በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ዲቴክተር መጠቀም ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ አድርጎ መያዝም ክልክል ነው። በዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ያሉት መናፈሻዎች አብዛኞቹ በዚሁ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ስለሆኑ ከናሽናል ሞል እስከ ሮክ ክሪክ ድረስ ያለው ሣር ለእኛ ዝግ ነው። የሸነንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተራሮችም እንደዚያው ናቸው። ፓርኩ በ1930ዎቹ ሲቋቋም በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነስተዋል። ዛሬ በእግር መንገዱ ዳር የምናያቸው የጭስ ማውጫዎችና የድንጋይ አጥሮች የእነሱ ናቸው። ለዲቴክተር የሚያጓጓ ወና ስፍራ ቢባል ከዚያ የሚበልጥ የለም፤ ግን ተከልክሏል፤ መከልከሉም ተገቢ ነው።

በ1979 የወጣው የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ ከፌዴራልና ከነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ ያለ ፈቃድ ማንሳትን ወንጀል አድርጎታል። ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 10 ሺህ ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስር ያስቀጣል፤ ዋጋው ከፍ ሲልና ጥፋቱ ሲደገም ቅጣቱ ይከብዳል። በቨርጂንያ ከፒተርስበርግ የጦር ሜዳ ጥይቶችና ቁልፎች ሲቆፍር የኖረ አንድ ሰው 366 ቀን እስር ተፈርዶበታል። ከፌዴራሉ ውጭ ያሉት የክልል፣ የካውንቲና የከተማ መናፈሻዎች ደንባቸው የተለያየ ነው። አንዱ ይፈቅዳል፤ ሌላው ፈቃድ ወረቀት ይጠይቃል፤ ሌላው ጨርሶ ይከለክላል። ስልክ ደውሎ መጠየቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በግል መሬት ላይ ደግሞ የባለቤቱ ፈቃድ፣ ቢቻል በጽሑፍ፣ የሁሉ መጀመሪያ ነው።

በሌላ አገር ያሉ ወገኖቻችንም የየአገራቸውን ሕግ ማወቅ አለባቸው። በእስራኤል የ1978ቱ ሕግ ከ1700 በፊት የተሠራን ዕቃ የመንግሥት ንብረት ያደርጋል፤ ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። በእንግሊዝና በዌልስ የ1996ቱ የውድ ግኝቶች ሕግ፣ ውድ ግኝት ተብሎ የሚመደብ ዕቃ ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ኮሮነር ለሚባለው መርማሪ ዳኛ እንዲያሳውቅ ያዝዛል፤ ዕቃው ለሙዚየም ሲገዛም ወሮታው በተለምዶ ለአግኚውና ለባለመሬቱ ይከፈላል። ከሕጉ ጎን የቆመው የተንቀሳቃሽ ቅርሶች መርሐ ግብር እስካሁን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ግኝቶችን መዝግቧል፤ አብዛኞቹን ያገኙት ዲቴክተር የያዙ ተራ ሰዎች ናቸው። በፈረንሳይና በአየርላንድ ግን ያለ መንግሥት ፈቃድ ጥንታዊ ዕቃ በዲቴክተር መፈለግ ክልክል ነው።

ሦስተኛው ድምፅ

ከሁለቱ ወገኖች ክርክር ውጭ የሚነሳ አንድ ድምፅ አለ፤ የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ድምፅ። እሱ የሚለው አጭር ነው። ዕቃው ካለበት ቦታ ሲነቀል የታሪኩ ግማሽ ይጠፋል። ይህን ለመረዳት ከሊትል ቢግሆርን የጦር ሜዳ የሚሻል ምሳሌ አላውቅም።

በሰኔ 1876 በሞንታና ሜዳ ላይ የላኮታና የሻየን ተዋጊዎች የአሜሪካውን ሌተና ኮሎኔል ከስተርን ጦር ደመሰሱ። ከከስተር ጋር ከቆሙት ወታደሮች የተረፈ አልነበረምና ለመቶ ዓመት ያህል ታሪኩ በግምት ሲተረክ ኖረ። በ1983 እሳት የሜዳውን ሣር አቃጠለው። በቀጣዩ ዓመት የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎቹ ዳግላስ ስኮትና ሪቻርድ ፎክስ ዲቴክተር ያላቸውን በጎ ፈቃደኞች ጠሩ። ፈላጊዎቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው ሜዳውን አካለሉት። ድምፅ ሲሰሙ ግን ቆፍረው ኪሳቸው አልከተቱም፤ ትንሽ ባንዲራ ተክለው አለፉ። ከኋላቸው የመጡት እያንዳንዱን ጥይትና ቀለሃ በቦታው በካርታ ላይ አሰፈሩ። ከዚያ የቀለሃዎቹ ጀርባ በማይክሮስኮፕ ታየ። እያንዳንዱ ጠመንጃ የሚተወው ምልክት የተለየ ስለሆነ አንድ ጠመንጃ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ በሜዳው ላይ መከተል ተቻለ። ነባሮቹ ተዋጊዎች ብዙ ተደጋጋሚ ተኳሽ ጠመንጃ እንደነበራቸው፣ የወታደሮቹም ሰልፍ እንዴት እንደፈረሰ ታወቀ። ለመቶ ዓመት ጆሮ ያልተሰጠው የነባሮቹ ሕዝቦች አፈ ታሪክ ከአፈሩ ምስክር አገኘ። ያ ሜዳ ቀደም ብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚመጡ ሰብሳቢዎች ተለቅሞ ቢሆን ኖሮ ቀለሃዎቹ ዛሬ በየሳሎኑ መደርደሪያ ላይ ድዳ ሆነው ይቀሩ ነበር።

ከእንግሊዝም ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። በ1992 በሆክስን መንደር ኤሪክ ሎውስ የገበሬ ጓደኛውን የጠፋ መዶሻ ሊፈልግ ወጥቶ የሮማውያን ዘመን ወርቅና ብር ላይ ደረሰ። ጥቂት አውጥቶ የቀረው ብዙ መሆኑን ሲያይ መቆፈሩን አቆመና አሳወቀ። ባለሙያዎች በማግስቱ መጥተው 15 ሺህ ገደማ ሳንቲሞች፣ ማንኪያዎችና ጌጦች በእንጨት ሳጥን ውስጥ እንዴት ተደርድረው እንደነበር ጭምር መዘገቡ። ግኝቱ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተገመተ፤ መዶሻውም ሳይቀር ተገኝቶ ዛሬ ከሀብቱ ጋር በብሪቲሽ ሙዚየም አለ። በ2015 ደግሞ በሄሪፎርድሺር ሁለት ፈላጊዎች የቫይኪንግ ዘመን ሀብት አግኝተው ደበቁ። 300 ገደማ ይሆናሉ ከተባሉት ሳንቲሞች ፍርዱ ሲሰጥ የተመለሱት 31 ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ በአንዳንዶቹ ላይ ሁለት ገዢዎች ጎን ለጎን ተቀርጸዋል፤ የተመቱትም በዌሴክሱ ንጉሥ አልፍሬድና በመርሲያው ንጉሥ ቼልዉልፍ ስም ነው፤ በኋላ ጸሐፍት ደካማ አሻንጉሊት ያሉት ቼልዉልፍ የአልፍሬድ አጋር እንደነበር ያሳያሉ። ከቀሩት አብዛኞቹ ግን ተበትነው ጠፍተዋልና ምን ይሉ እንደነበር አናውቅም። ሰዎቹ በ2019 ረጅም እስር ተፈረደባቸው። ሀብቱን ሳይደብቁ ቢናገሩ ኖሮ ገንዘቡንም ክብሩንም ያገኙ ነበር።

ወደ አገር ቤት ይዞ ለሚሄድ

ክረምት ላይ ለዕረፍት አገር ቤት ሲሄድ ማሽኑን ሻንጣው ውስጥ ሊከት የሚያስብ ወገን ካለ ይህን ያንብብልኝ። በኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግንና መቆፈርን ይከለክላል። በሥራ ላይ ሳለ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ሳይነካካ ጠብቆ ወዲያው ማሳወቅ አለበት። አዋጁ ያለ ምክንያት አልወጣም። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም አስመትተዋል። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ ላይ የነበረውን ጨረቃ በመስቀል ተክቷል። ስማቸውን ከሳንቲማቸው ብቻ የምናውቃቸው ነገሥታትም አሉ። አንድ እንዲህ ያለ ሳንቲም ከየትኛው ማሳ፣ ከየትኛው ጥልቀት እንደወጣ ሳይታወቅ ገበያ ቢገባ አንድ ንጉሥ ከነዘመኑ ጠፋ ማለት ነው። ከመቅደላ በ1868 የተወሰዱ ቅርሶቻችን እንዲመለሱ የምንጠይቅ ሰዎች የራሳችንን አፈር በስውር መቆፈር የለብንም።

እንግዲህ የቱን እንምረጥ?

የተነሳሁበትን ጥያቄ አሁን በሌላ መልክ ማቅረብ እችላለሁ። መለየት ያለብን ሰው የሚበዛበትንና የማይደርስበትን ቦታ አይደለም። አፈሩ አስቀድሞ የተነካካ ነው ወይስ እንደተዘጋ ደብዳቤ ያልተከፈተ? ሲከፈትስ የሚያነበው ሰው አብሮ አለ? በእነዚህ ሚዛን ሲመዘን ምርጫው ይቀላል።

ለጀማሪ የሚሻለው የተፈቀደ መናፈሻ፣ የመዋኛ ዳርቻ፣ የራሱና የወዳጆቹ ግቢ ነው። ያ አፈር ተቆፍሮ፣ ተስተካክሎ፣ ተገላብጦ አልቋል። የጠፋ ሳንቲም ቢወጣ ማንም አይጎዳም፤ የጠፋ ቀለበት ቢወጣ አንድ ሰው ይደሰታል። ቢያንስ አንድ ዓመት በዚያ ይቆይ። ጆሮው ይሠልጥን፣ እጁ ሣሩን ሳይጎዳ መግለጥ ይልመድ። በትዕግሥት የሚሠራ ሰው በመናፈሻ እንኳ የድሮውን ሣር ያገኛል፤ ከመቶ ዓመት በፊት በተነሳ ፎቶግራፍ ላይ የሚታየውን፣ ሙዚቃ ይጫወትበት የነበረውን ሰገነት፣ ዛሬ የተተወውን የድሮ መግቢያ መንገድ ይፈልግ።

ቀጥሎ የሚመጣው የታረሰ ማሳና የግል መሬት ላይ ያለ የድሮ ቤት ግቢ ነው። የእንግሊዝ ፈላጊዎችና ባለሙያዎች በ2017 በጋራ ያሻሻሉት የሥነ ምግባር ደንብ ፈላጊው በታረሰ መሬት ላይ፣ ማረሻ በደረሰበት ጥልቀት ብቻ እንዲሠራ ይመክራል። ማረሻ የአፈሩን ድርብርብ አስቀድሞ ስለደባለቀው ፈላጊው የሚያጠፋው ነገር ጥቂት ነው። የዕቃው ቦታ ግን አሁንም ስለሚናገር ይመዝገብ። ከባለቤቱ ጋር ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መነጋገር፣ ያገኙትን ሁሉ ማሳየት፣ ማስታወሻ መያዝ፣ ብዙ ዕቃ በአንድ ቦታ ከወጣ እንደ ኤሪክ ሎውስ እጅን መሰብሰብ ያስፈልጋል።

ፈጽሞ የማይነካው የጦር ሜዳ፣ የመቃብር ቦታ፣ የተመዘገበ ጥንታዊ ስፍራና ሰዎች በግድ የተነሱበት ቀዬ ነው። ዲቴክተር ያለው ሰው እነዚህን ለማየት የሚመኝ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው። በጦር ሜዳ ጥናት ላይ ባለሙያዎች በጎ ፈቃደኛ ፈላጊዎችን ይቀበላሉ፤ ሊትል ቢግሆርን ላይ ባንዲራ የተከሉት እንደኛ ያሉ ሰዎች ናቸው። ያገኙትን ወደ ቤት አልወሰዱም፤ የተዋጉትን ሰዎች እርምጃ ግን ለዓለም መልሰዋል።

ፎርት ስቲቨንስ ስሄድ ማሽኑን ቤት ትቼ ነው። ግንቡ ላይ ወጥቼ ሣሩን አያለሁ። ከሥሩ የወታደር ቁልፍ ይኖራል፤ የተተኮሰ እርሳስ ይኖራል፤ ከፈረሰው የኤልዛቤት ቶማስ ቤትም ሚስማር ወይም ማንኪያ ቀርቶ ይሆናል። የኩልፔፐሯ ባለመሬት ያኔ የጠየቁኝ ጥያቄ ይታወሰኛል፤ «የት ጋ ነበረች?» በዚህ ግንብ ሥር ያለው ሁሉ እስካልተነቀለ ድረስ ይህን ጥያቄ ሊመልስ ይችላል።